ከአንድ አሚቾ መቶ ችግኝ፦ የእንሰት ማባዛት ታሪክ በጋሞ ደጋ

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ ከ40 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ከፍታው ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነስቶ ወደ 2,700 ሜትር ይደርሳል። በዚህ አጭር ጉዞ ሁለት የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ቦታ ይለዋወጣሉ። ቆላውን የያዘው ስመ ጥሩው የአርባ ምንጭ ሙዝ ነው፤ በመንገዱ ላይ ወዳለችው ዶርዜ ሲጠጉ ደግሞ ጓሮው ሁሉ እንሰት ይሆናል። እንግዳ ሰው አንዱን ከሌላው መለየት ይቸግረዋል።

በመራባት ግን አይገናኙም። ሙዝ ማንም ሳይነካው ከሥሩ ልጆች ያወጣል። እንሰት ለዓመታት ብቻውን ያድጋል፣ በዕድሜው አንድ ጊዜ ያብባል፣ ፍሬ ሰጥቶም ይሞታል። የጋሞ ደጋ ጓሮዎች ዛሬም በእንሰት የተሞሉት የአካባቢው ገበሬዎች የተክሉን የመታደስ ኃይል ከየት ማውጣት እንደሚቻል ከጥንት ጀምሮ ስላወቁ ነው።

ሥራው በቢላ ይጀምራል። ከሁለት ዓመት በላይ የሆነው ግን ገና ያላበበ፣ ጤናማና ወፍራም እንሰት ይመረጣል። ግንድ የሚመስለው የቅጠል ጥምጥም ወደ መሬት ተጠግቶ ይቆረጣል። ከዚያ በታች ያለው፣ አሚቾ የሚባለው ድንች መሰል አካል ከአፈር ይወጣል። ገበሬው መሐሉን በቢላ ጫፍ ይቦረቡርና ወደ ላይ ሊያድግ የነበረውን ለጋ እምቡጥ አውጥቶ ይጥላል። አንዱ አሚቾውን ሙሉውን ይቀብረዋል፤ ሌላው ለሁለት ወይም ለአራት ይሰነጥቀዋል። ጉድጓዱ በፍግና በአፈር ይሞላል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በቁስሉ ዙሪያ ችግኞች መሬቱን እየሰነጠቁ ብቅ ይላሉ፤ ከአንድ አሚቾ ከ40 እስከ 200 ችግኝ ሊገኝ ይችላል። ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ይነጣጠላሉ፣ ከመደብ ወደ መደብ ይዛወራሉ፣ በመጨረሻም በቤቱ ዙሪያ ቋሚ ቦታቸውን ይይዛሉ። እንሰቱ ለመፋቅ እስኪደርስ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ይፈልጋል፤ በደጋው ብርድ ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል።

ለምን ዘሩ አይዘራም? በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካዎች የሚገኘው የዱር እንሰት የሚራባው በዘር ነው። ዘሩ ጥቁርና እንደ ጠጠር ጠንካራ ነው፤ ከተዘራውም የሚበቅለው ጥቂቱ ነው። ከሁሉ በላይ ከዘር የሚወጣው ተክል እናቱን አይመስልም። ለገበሬው ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው፤ ምክንያቱም ጓሮው ውስጥ ያለው እንሰት አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ለቆጮ፣ ሌላው ለቡላ፣ ሌላው ተቀቅሎ ለሚበላው አሚቾ፣ ሌላው ለቃጫው ጥንካሬ ይመረጣል። በእንሰት አብቃይ ሕዝቦች ዘንድ አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ተለይቶ የሚቀቀል ዓይነትም አለ። ይህ ሁሉ ምርጫ ሳይዛባ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ሊተላለፍ የሚችለው በዘር ሳይሆን በአሚቾ ነው። የዘረመል ጥናቶችም የዱሩና የጓሮው እንሰት ሁለት የተለያዩ ስብስቦች መሆናቸውን አሳይተዋል።

ይህ ዘዴ መቼ እንደተጀመረ በትክክል የሚናገር ማስረጃ የለም፤ እንሰት ለስላሳ ተክል በመሆኑ በአፈር ውስጥ የሚተወው ቅሪት እንደ እህል ፍሬ አይደለም። በአካባቢው ሰው የመኖሩ ጥንታዊነት ግን አያጠራጥርም። በጋሞ ደጋ ከሚገኘው ሞታ ዋሻ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የሰው አጽም 4,500 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ዘረመሉ ከአፍሪካ ሙሉ ለሙሉ የተነበበ የመጀመሪያው ጥንታዊ የሰው ጂኖም ሆኗል። እንሰትን ለአውሮፓ አንባቢ በሥዕል ያስተዋወቀው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ነው፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1790 ታተመ። ስለ ጋሞ ደጋ በተለይ ደግሞ ጁዲት ኦልምስቴድ የእንሰትን ልዩ ልዩ ጥቅም የሚዘረዝር ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1974 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ አሳትመዋል። ምግብ፣ የከብት መኖ፣ ገመድ፣ መጠቅለያ፣ የቤት መሥሪያ፤ ደጋው ያለዚህ ተክል አይታሰብም።

የአሚቾው መንገድ ግን ዋጋ አለው። ችግኙ የእናቱን መልካም ጠባይ እንደሚወርስ ሁሉ በሽታዋንም ይወርሳል። እ.ኤ.አ. በ1968 ዳኛቸው ይርጉና ጄ. ኤፍ. ብራድበሪ የእንሰት አጠውልግ በሽታን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ለይተው ለሳይንሱ ዓለም አሳወቁ። ባክቴሪያው በታመመ ችግኝ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የታመመውን ቆርጦ ወደ ጤናማው በሚሻገር ቢላ ይተላለፋል። አንድ ጊዜ ሥር ከሰደደ መድኃኒት የለውም፤ ተክሉ ተነቅሎ ይወገዳል። የወላይታና የዳውሮ ገበሬዎች ማዚያ የሚሉት ዓይነት በሽታውን በመቋቋም ቢታወቅም፣ ሁሉም ጓሮ ማዚያ ብቻ ይሁን ማለት ደግሞ የቀሩትን ዓይነቶች ማጣት ነው። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲና የቤልጂየሙ የሉቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጋሞ ደጋ ያካሄዱት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ጥናት የዚህን በሽታ ስርጭት ከከፍታና ከአፈር አያያዝ ጋር አገናኝቶ መርምሯል።

ንጹሕ ችግኝ ፍለጋው ወደ ቤተ ሙከራ ያመራል። ኦስትሪያዊው ጎትሊብ ሀበርላንት እ.ኤ.አ. በ1902 ከአንዲት የተክል ሕዋስ ሙሉ ተክል ማብቀል ይቻላል ብሎ ተንብዮ ነበር፤ ፍሬድሪክ ስቱዋርድ እ.ኤ.አ. በ1958 ከካሮት ሕዋሳት ይህን አሳየ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1952፣ ፈረንሳውያኑ ጆርጅ ሞሬልና ክሎድ ማርታን ከታመመ የዳሊያ አበባ ለጋውን ጫፍ ብቻ ወስደው ከቫይረስ የጸዳ ተክል አውጥተዋል። ምክንያቱ በዚያ ጫፍ ውስጥ ነው፤ ያላቋረጠ የመከፋፈል ኃይል ያላቸው፣ ገና ቅጠል ወይም ሥር ለመሆን ያልወሰኑ ሕዋሳት የሚኖሩት እዚያ ነው። እነዚህ የዕፅዋት ስቴም ሴሎች ናቸው።

በእንሰት ላይ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ዘሩንም ለጋውን ጫፍም ሞክረዋል። ሙሉጌታ ዲሮ ከደቡብ አፍሪካው ዮሐንስ ቫን ስታደን ጋር በዘሩ ውስጥ ካለው ፅንስም ከለጋ ጫፍም ተክል አብቅለዋል። ችግራቸው የተቆረጠው የእንሰት አካል ቶሎ መጥቆሩ ነበር። ሌላው እንቅፋት ደግሞ አንድ ጫፍ አንድ ቡቃያ ብቻ መስጠቱ ነው። ገነት ብርሜታና ማርጋሬታ ወላንደር እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት ይህን የፈቱት በቤተ ሙከራ ያደገውን ቡቃያ ለጋ ጫፍ በማቁሰል ነው፤ የዋናው እምቡጥ የበላይነት ሲሰበር ታፍነው የነበሩት ጎኖች ብዙ ቡቃያ ያወጣሉ። የጋሞ ገበሬ አሚቾውን ሲቦረቡር የሚሠራውም ይኸው ነው። ዋናው እምቡጥ ወደ ታች የሚልከው ሆርሞን ሲቋረጥ የተኙት ሕዋሳት ይነሳሉ። ቢላውና የቤተ ሙከራው ስለት አንድን የተፈጥሮ ሕግ በተለያየ ዘመን አግኝተውታል።

ሐኪሞች ለሕክምና የሚሆኑ የሰው ስቴም ሴሎች ከየት ይምጡ በሚለው ላይ የሚያካሂዱት ክርክር ከዚህ ሩቅ አይደለም። ዶናል ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1957 የአጥንት መቅኔን ለሕመምተኞች በደም ሥር መስጠታቸውን አሳተሙ። መቅኔ በጊዜ ብዛት የተፈተነ ምንጭ ነው፤ ነገር ግን የሚስማማ ለጋሽ ማግኘት ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በፓሪስ አዲስ የተወለደች እህት የእትብት ደም ለታመመ ወንድሟ ተሰጠ። የእትብት ደም መስማማቱ ቀለል ይላል፤ መጠኑ ግን ለአዋቂ ሰው ብዙ ጊዜ ያንሳል። ጄምስ ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1998 ከሰው ፅንስ ያወጡት ሕዋሳት ወደ ማንኛውም የአካል ክፍል መለወጥ ይችላሉ፤ በሥነ ምግባር ክርክር ያስነሳሉ፣ ከቁጥጥር ከወጡም ዕጢ ይሠራሉ። ሺንያ ያማናካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 የአይጥ ቆዳ ሕዋስን በአራት ጂኖች ወደ ፅንስ መሰል ሁኔታ መልሰው፣ ምንጩ የታማሚው የራሱ አካል ሊሆን እንደሚችል አሳዩ። ማንኛውም ምንጭ በሦስት ጥያቄ ይመዘናል፦ ምን ያህል ይሰጣል፣ ለባለቤቱ ምን ያህል ታማኝ ነው፣ ከጉዳትስ ምን ያህል ንጹሕ ነው።

እንሰቱ በእነዚህ ጥያቄዎች ሲታይ ምርጫው ግልጽ ይሆናል። አሚቾ ብዙና ታማኝ ችግኝ ይሰጣል፤ በሽታ ግን ይዞ ይዞራል። ዘሩ አዲስ ጠባይ፣ ምናልባትም አዲስ የመቋቋም አቅም ያመጣል፤ ውጤቱ ግን አስቀድሞ አይታወቅም፣ ብዙ ዓመትም ይጠይቃል። ለጋው ጫፍ በቤተ ሙከራ ከበሽታ ሊጸዳ ይችላል፤ መብራት፣ ሠራተኛና ገንዘብ ይፈልጋል። አንዱን ይዞ ሌሎቹን መጣል ለደጋው አያዋጣውም። በጓሮው የሚቆርጥ ሰው ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲሻገር ቢላውን በእሳት ያቃጥል፤ ይህ ዛሬውኑ ያለ ወጪ የሚቻል ነው። የማባዣ ጣቢያዎች ደግሞ የትኛውን ዓይነት ከበሽታ አጽድተው ማብዛት እንዳለባቸው ለመወሰን በመጀመሪያ መጠየቅ ያለባቸው የትኛው ለቆጮ፣ የትኛው ለብርድ እንደሚበጅ የሚያውቁትን፣ በጋሞ ደጋ ያሉትን የጨንቻንና የቦንኬን አብቃዮች ነው።