ኅዳር በአዲስ አበባ፣ ኅዳር በሳሞአ

ኅዳር 12 ቀን በአዲስ አበባ በየሰፈሩ ቆሻሻ ተጠርጎ ይከመርና እሳት ይለቀቅበታል። ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል፣ ልጆች ግን ይደሰቱበታል። «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ይኸው ነው። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ከገባው የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ ይነገራል።

በሽታው ዓለምን ያዳረሰው የስፔን ጉንፋን ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ በጽኑ ታመው ተረፉ፤ ኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸውም በአዲስ አበባ ብቻ ከ10,000 በላይ ሰው መሞቱን መዝግበዋል። ያኔ የከተማው ሕዝብ ገና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነበር። ሐኪሞቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከእነሱም የሞቱ አሉ። ቤተሰብ በሙሉ ሲተኛ ውኃ የሚያቀብል ጠፋ፣ የሞተውንም የሚቀብር ጠፋ።

ወረርሽኝ ሲመጣ መንግሥት ይዝጋ ወይስ አይዝጋ የሚለው ክርክር በተነሳ ቁጥር ሐሳቤ ወደዚያው ወር ይሄዳል። አዲስ አበባ ሬሳዋን መቅበር ሲያቅታት፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያሉት ሁለቱ ሳሞአዎች ለዚሁ ጥያቄ ሁለት መልስ ሰጥተው ነበርና።

ምዕራብ ሳሞአን ኒውዚላንድ ታስተዳድር ነበር። ጥቅምት 28 ቀን 1911 ዓ.ም. ታሉኔ የምትባል መርከብ ከኦክላንድ በሽተኞች ይዛ አፒያ ወደብ ደረሰች። የሚከለክላት አልነበረም፤ ተሳፋሪው ወረደ። በሁለት ወር ገደማ ውስጥ 8,500 ያህል ሰው አለቀ፤ ከአምስት ሰው አንዱ ማለት ነው። ጎረቤቷን ምሥራቃዊ ሳሞአን የሚያስተዳድረው አሜሪካዊው ጆን ፖየር ደግሞ የበሽታውን ወሬ በሬዲዮ ሰምቶ በሽታው ሳይደርስ ወደቡን ዘጋ። በዚያ በኩል አንድም ሰው አልሞተም።

ታሪኩ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚመሰገነው ፖየር ብቻ ነው። የፈጠነ ሰው ነበርና ምስጋናው ይገባዋል። ነገር ግን ትእዛዙን ያስከበሩት የመንደር ሽማግሌዎችና ጎረምሶች ናቸው፤ ከወዲያኛው ደሴት ታንኳ ሾልኮ እንዳይገባ የባሕሩን ዳር ይጠብቁ ነበር። ደግሞም ጓሮው ሥራሥርና ሙዝ፣ ፊቱ ዓሣ ያለበት ባሕር ስለሆነ፣ በሩ የተዘጋበት ሰው ጦሙን አያድርም። ለእኔ የክርክሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው።

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በኢትዮጵያ ሲገኝ መንግሥት ፈጥኖ ትምህርት ቤቶችን ዘጋ፤ በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ታክሲ በግማሽ እንዲጭን ተደረገ፤ በየሱቁና በየባንኩ ደጃፍ ቧንቧ የተገጠመለት ጄሪካንና ሳሙና ተቀመጠ። ሰውን ሁሉ ቤቱ የሚያስቀምጥ ትእዛዝ ግን አልወጣም። ያኔ ይህን ዳተኝነት ነው ያሉ ነበሩ፤ ሐኪሞቻችንና ነርሶቻችን ሲሞቱ ያዩ ሰዎች ቢቆጡ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ውሳኔው ትክክል ነበር እላለሁ። መንገድ ዳር ቡና አፍልታ የምትሸጥ እናት ጀበናዋን ካልጣደች ማታ ዱቄት አትገዛም። ለአሥራ አምስት ቀን ቤት ተቀመጪ ማለት ለአሥራ አምስት ቀን አትብዪ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ትእዛዝ ፖሊስ ቢቆምበትም ሰው ሊፈጽመው አይችልም።

ጥፋታችን ያለው ከዚያ ወዲህ ነው። በዚያ ሰሞን በየሰፈሩ ከየቤቱ ዱቄትና ዘይት እየተዋጣ ለተቸገረ ጎረቤት ይከፋፈል ነበር። በሽታው ጋብ ሲል ያ ሁሉ ተበተነ፤ ጄሪካኖቹም ከየደጃፉ ተነሱ።

ኒውዚላንድ ስለ ታሉኔ ሳሞአን በይፋ ይቅርታ የጠየቀችው በ1994 ዓ.ም. ነው፤ ከ80 ዓመት በላይ ቆይታ። እኛ ይቅርታ እስኪጠየቅ መጠበቅ የለብንም። የሚቀጥለው ወረርሽኝ ሳይመጣ፣ ቡና ሻጯና የቀን ሠራተኛው «ከቤት አትውጡ» ሲባሉ ምን እንደሚበሉ፣ እህሉም ከየትኛው መጋዘን ወጥቶ በማን እጅ እንደሚደርሳቸው መንግሥት ዛሬ ይወስን፤ ለሕዝቡም ይንገር።