ከአሞሌ እስከ ቢትኮይን

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ ደውሎ "ቲቸር፣ ቨርቹዋል ከረንሲ ማለት ያው እንደ ቴሌብር ነው አይደል?" አለኝ። ለካ የጠየቀኝ ገንዘቡን ካስገባ በኋላ ነው። የዓመት ቁጠባውን በአንድ የስልክ መተግበሪያ "ዲጂታል ሳንቲም" ገዝቶበታል። ቁጥሩ በየቀኑ ያድጋል፤ ላውጣ ሲል ግን አይወጣም። ሌሎቻችሁም እንድታነቡት ብዬ ነው መልሱን እዚህ የምጽፈው።

የታሪክ አስተማሪ ነኝና ከአሞሌ ልጀምር። ከአፋር ቆላ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ የሚመጣው ጨው፣ ከጣና በስተምሥራቅ ባለው ይፋግ ገበያ፣ ጎጃም ውስጥም እስከ ባሶ ድረስ ገንዘብ ነበር። ከተቆረጠበት በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ዝናብ ካገኘው ይሟሟል። ግን የሚቀበልህ ብታጣ እንኳ ወጥ ትሠራበታለህ። "ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ" የሚባለው ለገንዘብም ሳይሆን አይቀርም!

ማርትሬዛ፣ ጠገራ ብር የምንለው፣ ሁሌም ይገርመኛል። የኦስትሪያዋ ንግሥት በ1780 እ.ኤ.አ. ሞተች፤ ብሯ ግን ከዚያ በኋላም ያው 1780 እየተባለ ይመታ ነበር። የእኛ ሰው ንግሥቲቱን ከየት ያውቃታል? ቢሆንም በራሷ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ቆጥሮ፣ ካልጣመው "አልቀበልም" ይል ነበር።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ነው የመጣው። ስልክህ ላይ ያለው ቁጥር ያው ብር ነው፤ ወኪል ጋ ሄደህ ታወጣዋለህ። ቢትኮይን ሌላ ነገር ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ተጀመረ፤ ከ21 ሚሊዮን እንዳይበልጥ ተደርጎ ተሠራ። ከጀርባው መንግሥት የለም፣ እንደ አሞሌም አይበላም፤ ዋጋው የሚገዛው ሰው እስካለ ድረስ ነው። ብሔራዊ ባንካችን በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል። (ያው አገራችን ለቢትኮይን ማዕድን አውጪዎች መብራት ትሸጣለች፤ እሱ ሌላ ቀን።) ቢያንስ የቢትኮይን መዝገብ ለማንም ክፍት ነው። ልጁ የገዛው ግን ቢትኮይንም አይደለም፤ መዝገቡ ያለው በመተግበሪያው ባለቤት እጅ ብቻ ነው። ያ የሚያድገው ቁጥር ሰውየው የጻፈው ቁጥር ነው።

ቅዳሜ ገበያ ቲማቲም ገዝቼ በቴሌብር ከፈልኩና "ተልኳል" የሚለውን ለእማማ አሳየኋቸው። "ልጄ፣ ያንተን ስልክ ምን አውቄ፣ የኔው ላይ ይግባ እንጂ" አሉኝ። ቆሜ ጠበቅኩ። መልእክቱ ሲገባ ልጃቸው አነበበችላቸው፤ ከዚያ በኋላ ነው ፌስታሉን የሰጡኝ።

ሰኞ ከልጁ ጋር ፖሊስ ጣቢያ እንሄዳለን። እንደሱ ያስገባችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አብረን እንሂድ።