ክትባት የሚለው ቃልና የሕክምና ተማሪዎች

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. በለንደን ከተማ የነበሩ ጥቂት የሕክምና ተማሪዎች የሙያቸውን ታሪክ ለመመርመር ተሰባስበው የኦስለር ክለብ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። በአገራችንም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች የኢትኖሎጂ ማኅበር አቁመው፣ የየትውልድ አገራቸውን ልማድ እየጠየቁ የጻፉትን በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ በማኅበሩ መጽሔት ያወጡ ነበር። የሕክምና ተማሪዎቻችን የሁለቱን ማኅበራት አሳብ አንድ አድርገው ቢነሡ፣ የመጀመሪያው ሥራቸው ክትባት ከሚለው ቃል ቢጀምር መልካም ነው።

ከተበ ማለት ጻፈ ማለት ነው፤ በአንገት የሚታሰረው ክታብም ከዚሁ ግሥ የወጣ ነው። ክንዱን በምላጭ የተበጣ ሰውም በገላው ላይ ተጻፈበት ቢባል ያስኬዳል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ፣ የአገሩ ሰው ፈንጣጣን በዚህ ዓይነት ብጣት ይከላከል እንደ ነበር ጽፏል። ከታማሚው ቁስል ጥቂት መግል ተወስዶ በጤነኛው ክንድ ብጣት ውስጥ ይገባል፤ ተከታቢው ይታመማል፤ ከዳነ ግን በሽታው ሁለተኛ አይዘውም። ኤድዋርድ ጄነር በፈረንጅ 1796 ዓ.ም. ያመጣው ለውጥ በሰው ፈንጣጣ ፈንታ የላሙን ማድረጉ ነው።

ይህን ሰምቶ በአባቶች ጥበብ ብቻ መመካት ግን ታሪክን ግማሹን መተው ይሆናል። በቀድሞው ክትባት የሚሰጠው እውነተኛው ፈንጣጣ ነበርና፣ ከተከታቢዎቹ የሞቱ አሉ፤ የዳኑትም በሽታውን ለጎረቤት ያስተላልፉ ነበር። ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ በጥር 1963 ዓ.ም. ሲጀመር፣ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ፤ በደጋው አገር አንዳንዱ ወረርሽኝ ከዚሁ ከባህላዊው ክትባት የተነሣ መሆኑን የዘመቻው ሠራተኞች ደርሰውበታል። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ ነው።

ፒርስ የጻፈው በመንገደኛ ዓይን ያየውን ነው፤ የዘመቻው መዝገብም የሚነግረን ቍጥር ነው። የከታቢውና የተከታቢው ቃል ግን ከሁለቱም ውስጥ እምብዛም የለም። በዘመቻው ጊዜ ሕፃናት የነበሩት ዛሬ ሸምግለዋል። ተማሪው ሩቅ አገር ሳይሄድ፣ ከየገጠሩ መጥተው በወሎ ሰፈር ከሚኖሩት አረጋውያን ሊጀምር ይችላል። ማን ከተባቸው? ዋጋው ገንዘብ ነበር ወይስ እህል? ስንት ቀን ከሰው ተለይተው ቆዩ? ከአብረዋቸው ከተከተቡት ልጆችስ ያልተነሣ ነበርን?