ከናኩሩ እስከ ናይሮቢ
ስለ መምህሩ ዳንኤል አራፕ ሞይ የፖለቲካ ጉዞ

ሰው በትውልድ አገሩ ሸንጎ ተቀምጦ የተሟገተለትን ሐሳብ፣ ወደ መንግሥቱ ማዕከል ከወጣ በኋላ ይጠብቀዋልን? ይህን ጥያቄ ለሚመረምር ሁሉ የጎረቤታችን የኬንያ ታሪክ መልካም ምሳሌ ይሆነዋል። ይልቁንም የዳንኤል አራፕ ሞይ ሕይወት፣ መነሻው የመምህርነት ሥራ ስለሆነ፣ ለእኛ ለመምህራን የቀረበ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሞይ በ1924 ዓ.ም. በባሪንጎ ተወለዱ። በታምባች የመምህራን ማሠልጠኛ ተምረው በማስተማር ሥራ ከቆዩ በኋላ፣ በ1955 ዓ.ም. በናይሮቢ ወደነበረው የቅኝ ግዛቱ የሕግ አውጪ ምክር ቤት ገቡ። በ1957 ዓ.ም. አፍሪካውያን እንደራሴዎቻቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ በድምፅ ሲመርጡ፣ ከተመረጡት ስምንት ሰዎች አንዱ እርሳቸው ነበሩ።

ነፃነት በተቃረበ ጊዜ ቍጥራቸው አነስተኛ የሆነ ነገዶች ታላቅ ሥጋት አደረባቸው። ኪኩዩና ሉኦ የሚበዙበት የካኑ ፓርቲ መንግሥቱን ቢይዝ፣ ነጮቹ ሰፋሪዎች የሚለቁት ለም መሬት ለማን ይደርሳል? ስለዚህም በ1960 ዓ.ም. የካዱ ፓርቲ ተመሠረተ፤ እንደ ሞይ መምህር የነበሩት ሮናልድ ንጋላ ፕሬዚዳንት፣ ሞይም ሊቀ መንበር ሆኑ። ፓርቲው የቆመለት ሐሳብ በስዋሂሊ «ማጂምቦ» ይባላል፤ ይኸውም ሥልጣን ለየክልሉ እንዲከፈል ነው። በ1962 ዓ.ም. በሎንዶን በተደረገው ጉባኤ ሐሳቡ ተቀባይነት አገኘና፣ በ1963 ዓ.ም. ሰባት የክልል ምክር ቤቶችና ሁለት ክፍል ያለው ፓርላማ ተቋቋሙ። ሞይም የሪፍት ቫሊ ክልል ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው በናኩሩ ተሰየሙ።

ነገር ግን ሥርዐቱ አልጸናም። በዚያው ዓመት ምርጫውን ያሸነፈው የጆሞ ኬንያታ መንግሥት ማጂምቦን ከቶ አይወድም ነበርና፣ ለክልሎቹ በሕግ የተሰጠውን ሥልጣን ለማስረከብ አልተቻኰለም። የካዱም እንደራሴዎች አንድ በአንድ ወደ መንግሥቱ ወገን ተሻገሩ። በመጨረሻም ኅዳር 1964 ዓ.ም. ፓርቲው ራሱን አፍርሶ ከካኑ ጋር ተዋሐደ። በታኅሣሥ ኬንያ ሪፐብሊክ ስትሆን፣ ሞይ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ተብለው ናይሮቢ ገቡ። በ1967 ዓ.ም. ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ኬንያታ በሞቱበት በ1978 ዓ.ም. ደግሞ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በዚህ መካከል የክልሎቹ ሥልጣን በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ተገፈፈ፤ የላይኛውም ምክር ቤት ከታችኛው ጋር ተቀላቀለ።

ውሕደቱ አገሪቱን ከመከፋፈል አዳነ የሚሉ አሉ፤ ይህም በቀላሉ የሚናቅ ቃል አይደለም። ሆኖም በናኩሩ የሥልጣንን መከፈል የጠየቁት ሰው፣ በ1982 ዓ.ም. ከአንድ ፓርቲ በቀር ሌላ እንዳይኖር የሚከለክል ሕግ በናይሮቢ እንዲወጣ አደረጉ። ያ ሕግ የተሻረው በ1991 ዓ.ም. ነው። መምህርነታቸውን ግን ፈጽሞ አልረሱም፤ በ1979 ዓ.ም. ለተማሪዎች ወተት በነፃ እንዲታደል አዝዘዋል። በ2002 ዓ.ም. ሥልጣናቸውን በሰላም ለቀው በ2020 ዓ.ም. ዐረፉ። በሕይወት ሳሉም የ2010 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት 47 የአውራጃ መንግሥታትን አቋቁሞ የላይኛውን ምክር ቤት ሲመልስ አይተዋል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድን ነው? የክልሎቹ ምክር ቤቶች የፈረሱት ሐሳቡ ከንቱ ስለነበረ ብቻ አይደለም፤ ጠባቂዎቻቸው ጥቂት መሪዎች ብቻ ስለነበሩ፣ መሪዎቹ ወደ ማዕከል በተሻገሩ ጊዜ የሚከራከርላቸው በመጥፋቱ ነው። ለተማሪዎቻችን የሹማምንትን ስም ብቻ ብናስጠናቸው ግማሹን ማስተማራችን ነው። ሕግ የሚጸናው መሪው በተለወጠ ጊዜም ሕዝቡ ሲያውቀውና ሲጠብቀው መሆኑን ማስረዳት ግን የእኛው የመምህራን ፋንታ ነው።