የመቅረጫ ብረት

የመቅረጫ ብረት ጫፉ በሰያፍ የተሳለ ቀጭን የአረብ ብረት ዘንግ ሲሆን፣ በብር፣ በመዳብ፣ በናስና በመሳሰሉት ማዕድናት ገጽ ላይ ሐረግ፣ ምስልና ጽሕፈት ለማውጣት የሚያገለግል የእጅ መሣሪያ ነው። በደነዘ ብረት እየመቱ መስመር ማስረግ ማዕድኑን ወደ ጎንና ወደ ታች ይገፋል፣ በአሲድ ማስበላትም ቀስ በቀስ ያሟሟዋል፤ መቅረጫ ግን እንደ እንጨት ፍቅፋቂ ጠቅልሎ ስለሚያወጣው የቦዩ ግድግዳ ጥርት ብሎ ያበራል፤ የቅርጹ ውበትም በአብዛኛው ከዚህ ነጸብራቅ የሚመጣ ነው።

ጠፍጣፋ ጫፍ ያለው መቅረጫ በፊደላት ዙሪያ ያለውን መደብ ለማንሣት፣ ክብ ጫፍ ያለው ደግሞ ለስላሳ ቦይ ለመቆፈር ይመረጣል። ለቀላል ጌጥ ግን አራት ማዕዘን ዘንግ ያለው አንድ መቅረጫ ይበቃል፤ ታችኛው ጠርዙ ሹል በመሆኑ እጅ ጫን ሲል መስመሩ ይሰፋል፣ ላላ ሲል ይቀጥናል። ርዝመቱ ለሠሪው እጅ መለካት አለበት፤ የእንጨት እጀታው በመዳፍ ውስጥ ተደላድሎ ጫፉ ከአውራ ጣት 2 ሴንቲሜትር ያህል ካለፈ ልክ ነው፤ ከዚያ የረዘመ ይንቀጠቀጣል፣ ያጠረም ጣትን ከሥራው ጋር ያጋጫል።

ከምርጫው ይልቅ የሥራውን ጥራት የሚወስነው አሳሳሉ ነው። የፊቱ ሰያፍ ለብርና ለመዳብ 45 ዲግሪ ገደማ ሆኖ፣ ለጠንካራ ማዕድን ጫፉ እንዳይሰበር ከፍ ይደረጋል፤ ከጫፉ ሥር ያለው ጠርዝም እጀታው ከገጹ ከፍ እንዲል በጥቂቱ ይሞረዳል። ጫፉን ወደ መብራት አዙረው በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ከጤፍ ያነሰች ነጭ ነጥብ ካበራች ደንዟል ማለት ነው፤ ስል ጫፍ ብርሃን የሚመልስበት ገጽ የለውምና። ያለ ኃይል በጥፍር ላይ ሲያሳርፉትም ሳይንሸራተት ይይዛል። የደነዘ መቅረጫ በማዕድኑ ውስጥ ስለማይዝ፣ ሠሪው ኃይል በጨመረ ቁጥር አምልጦ ሥራውን ይጭራል፣ የፊት ለፊቱን እጅም ያቆስላል፤ ስለዚህ ዕቃውን የሚይዘው እጅ ፈጽሞ ከጫፉ ፊት መሆን የለበትም።

ዕቃው አሸዋ በተሞላ የቆዳ ከረጢት ላይ ይቀመጣል። ቀኝ እጅ መቅረጫውን ወደ ፊት ብቻ ይገፋል፣ አውራ ጣትም ማዕድኑ ላይ አርፎ እንደ ፍሬን ያገለግላል፤ ኩርባውን የሚያወጣው ዕቃውን ወደ መቅረጫው የሚያዞረው ግራ እጅ ነው።

በኢትዮጵያ መስቀሎች ላይ ቅርጽ ረጅም ታሪክ አለው፤ በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከተሠሩት የመጾር መስቀሎች መካከል የእመቤታችንና የቅዱሳን ምስል፣ እንዲሁም የግእዝ ጽሕፈት የተቀረጸባቸው ይገኛሉ። በኋላ ዘመን አንጥረኞች ያቀልጡት የነበረው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር 1780 የሚል ዓመት የታተመበት ጠገራ ብር 28 ግራም ያህል የሚመዝን ሲሆን፣ ከ1000 እጅ 833ቱ ብር፣ ቀሪው በአብዛኛው መዳብ ነበር፤ ይህ መዳብ ከንጹሕ ብር ይልቅ ጠንከር ስለሚያደርገው መስመሩ ሳይፈርስ ይቆያል። በእንዲህ ያለ ብር ላይ በመቅረጫ ሲጻፍ፣ «ገ» በሁለት አጫጭር ግፊቶች ሲወጣ፣ የ«ዐ» ክብ ግን ሳይቆራረጥ የሚዘጋው መስቀሉ በከረጢቱ ላይ ሙሉ ዙር ሲዞር ነው።