ደባርቅ ላይ የፈሰሰው ደም እና የኢብን ኸልዱን ማስጠንቀቂያ



ከጎንደር ተነስቶ ዳባትንና ደባርቅን አልፎ፣ በሊማሊሞ ቁልቁል ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደው መንገድ የጥንት የነጋዴ መንገድ ነው። የጀበርቲ አባቶቻችን ከጎንደር ወደ ምጽዋ ጭነት ይዘው የተመላለሱት በዚሁ በኩል ነበር። ዛሬ የምንጽፈው ግን ስለ ንግዱ ሳይሆን በዚህ መንገድ ላይ ስለተፈጸመ አንድ ቅጣት ነው። መንግሥት ወንጀለኛን የሚቀጣው ለምንድን ነው? ቅጣቱ ልክ ሲያልፍስ ምን ይከተላል?

ዐፄ ቴዎድሮስ የካቲት 1847 ዓ.ም. እዚሁ ሰሜን ውስጥ፣ ደረስጌ ማርያም ላይ ነገሡ። ሕዝቡ በዘመነ መሳፍንት ጦርነት ተሰላችቶ ነበር። ንጉሡም ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴው ወደ ንግዱ እንዲመለስ አወጁ፤ ሽፍታን አጥብቀው ቀጡ።

በ1852 ዓ.ም. ወዳጃቸው የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን በጎንደር አቅራቢያ በሸፍታው በጋረድ ሰዎች ቆስሎ ሞተ። ጋረድ የንጉሡ የሥጋ ዘመድ ነበር። በ1853 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ገጠሙት፤ ጋረድም ተገደለ። በዚያው ውጊያ ግን ሌላው የቅርብ ወዳጃቸው ጆን ቤል (ሊቀ መኳስ ዮሐንስ) ወደቀ። የጥፋቱ መሪ ሞቷል፤ ነገሩ እዚያ ላይ ሊያበቃ በተገባ ነበር። ንጉሡ ግን የተማረኩትን የጋረድ ተከታዮች በመቶዎች የሚቆጠሩ ሆነው ሳለ በበቀል አስገደሏቸው። የደባርቅን ስም ከዚህ እልቂት ጋር አያይዞ ለውጭው ዓለም ያሰማው ሚሲዮናዊው ሄንሪ ስተርን ነው።

የማኅበረሰብ ጥናት ሊቃውንት እንዲህ ዓይነቱን ነገር እንዴት ያዩታል? ፈረንሳዊው ኤሚል ዱርክሄይም (1858–1917 እ.ኤ.አ.) ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ ገደብ አጥቶ በተከማቸ መጠን ቅጣት እየከፋ ይሄዳል ይላል። ሚሼል ፉኮ ደግሞ በአደባባይ የሚፈጸም የጥንት ቅጣት ዋና ዓላማው የንጉሡን ኃይል ለተመልካች ማሳየት እንደነበር ጽፏል። በዚህ ዓይን ካየነው፣ የደባርቁ ግድያ ለሟቾቹ ብቻ ሳይሆን በሕይወት ለቀረው ሁሉ የተላከ መልእክት ነበር።

ከሁለቱም በፊት ግን ኢብን ኸልዱን (732–808 ሂጅራ) በሙቀዲማው የበለጠ ለጉዳያችን የቀረበ ነገር ተናግሯል። ገዢ በቅጣት ሲከፋና የሰውን ጥፋት ሲያነፍንፍ፣ ሕዝቡ በፍርሃት ውሸትንና ተንኮልን ይለምዳል፤ በጦር ሜዳም ጥሎት ይሄዳል ብሏል። በቴዎድሮስ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ቅጣቱ በከፋ ቁጥር ሽፍታው በዛ እንጂ አልቀነሰም። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር በራሳቸው ትእዛዝ ተቃጠለች። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ ያ ሁሉ ሠራዊት ከድቷቸው፣ የቀራቸው ጥቂት ሺህ ሰው ብቻ ነበር። አገርን አንድ ለማድረግ የተነሣ ታላቅ ሕልም የተሸነፈው በእንግሊዝ መድፍ ብቻ አልነበረም።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዲናችን ይህን በር አስቀድሞ ዘግቶታል። በሱረቱል ኢስራእ አንቀጽ 33 አላህ (ሱ.ወ.) ለተበደለው ሟች ወገን መብት ሰጥቶ፣ ወዲያው በመግደል ወሰን እንዳያልፍ ከልክሎታል። በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 178 ደግሞ ከቂሳስ ጎን ይቅርታንና የደም ካሳን አስቀምጧል። ቂሳስም በዳኛ የሚፈጸም እንጂ ማንም ተነስቶ በእጁ የሚወስደው አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በስንብት ሐጅ ኹጥባቸው የጃሂሊያን ደም ሁሉ ሲሽሩ፣ መጀመሪያ የሻሩት የራሳቸውን ቤተሰብ የደም ጥያቄ ነው። መጀመሪያ የሰውን ቢሽሩ ኖሮ ማን ይሰማ ነበር?

ይህ የዱሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። ዛሬም በየአካባቢያችን ገዳዩ ሲታጣ ወንድሙ ወይም የአጎቱ ልጅ የሚፈለግበት ጊዜ አለ። ያልገደለውን መግደል ፍትሕ አይባልም፤ ሌላ ደም መጀመር ነው። ደም ለማድረቅ የሚቀመጡ ሽማግሌዎችንና ዑለማዎችን እናግዝ፤ ወንጀለኛውን ለሕግ እናቅርብ፤ ዘመዱን ግን እንተወው። ልጆቻችን በዚያ መንገድ እንደ አባቶቻችን በሰላም የሚወጡትና የሚወርዱት ያኔ ነው።

አላህ ቁጣቸውን ከሚውጡትና በፍትሕ ከሚቆሙት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።