ርስትና ቮልስዋገን

አባቶቻችን «ርስት» የሚለውን ቃል የሚያነሡት በቁጭት ነበር። በወገኖቻችን ዘንድ ሲወርድ ሲዋረድ እንደመጣው ታሪክ ከሆነ፥ በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ ድል ካደረጉ በኋላ የተጠመቀ የአባቱን መሬት እንዲወርስ፥ ያልተጠመቀ ግን ከርስቱ እንዲነቀል አስነገሩ። ከዚያ ወዲህ ቤተ እስራኤል ብዙውን ጊዜ የሰው መሬት ጭሰኛ ሆኖ ብረት ቀጠቀጠ፥ ሸክላ ሠራ፥ ሸማ ሸመነ፤ ጎንደር ዋና ከተማ በሆነችበት ዘመንም ግንበኛና አናጢ ሆኖ አገለገለ። ማረሻውን የሠራለትን ሰው ጎረቤቱ ቀን አመስግኖት ማታ ቡዳ ይለው ነበር። ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው እንግዲህ መዶሻ፥ ወናፍና የእጅ ጥበብ ነበር።

ይህን ያነሣሁት አንድ የሺኩን ቫቲኪም ወጣት በቅርቡ ባቀረበልኝ ጥያቄ ምክንያት ነው። ወላጆቹ በ1991 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሰሎሞን ሲወጡ አያቱ አዲስ አበባ ቀርተው ነበር። እርሳቸው ሲያርፉ ግቢው ውስጥ ብዙ ዓመት የቆመች አንዲት ቮልስዋገን ተገኘች፤ በሊብሬዋ ላይ የአያቱ ስም ተጽፏል። «አባባ፥ እንሽጣት ወይስ እናስነሣት?» አለኝ። መልሴን ከመስጠቴ በፊት ስለ መኪናዋ ታሪክ ጥቂት እንዲያውቅ ፈለግሁ።

በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ማብቂያ ላይ ቮልስ የመምህሩና የመንግሥት ሠራተኛው መኪና ነበረች። ሞተሯ ከኋላ ሲሆን የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው፤ ራዲያተር ስለሌላት ዳገት ላይ ውኃዋ አይፈላም፤ ለኢትዮጵያ ዳገት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. (ሴፕቴምበር 12 ቀን 1974 እ.ኤ.አ.) ንጉሠ ነገሥቱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሲወሰዱም የተሳፈሩት በዚህችው መኪና የኋላ መቀመጫ ላይ ነበር። ሮልስ ሮይሶቻቸው ከግቢው ቀሩ፤ ቮልሷ ግን ከታሪክ መጽሐፍ ገባች።

ሌላም ታሪክ አላት፤ እርሱን መደበቅ አይገባም። የፋብሪካዋን የመሠረት ድንጋይ በ1938 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው ሂትለር ነው። ብዙ ጀርመናውያን በየሳምንቱ ገንዘብ እየቆጠቡ መኪናዋን ሲጠባበቁ ጦርነቱ መጣና ፋብሪካው ለሠራዊቱ ዋለ፤ ከቆጣቢዎቹ አንድ እንኳ መኪናውን የተረከበ አልነበረም። በፋብሪካው በግዳጅ ከሠሩት መካከል የጦር ምርኮኞች፥ የማጎሪያ ካምፕ እስረኞች፥ ከአውሽዊትዝ የተወሰዱ የሃንጋሪ አይሁድም ነበሩ። ኩባንያው ለቀድሞ የግዳጅ ሠራተኞች የርዳታ ገንዘብ ያቋቋመው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። የሰፈራችን ስም «የነባሮች መኖሪያ» ማለት ነው፤ ከአውሮፓው እልቂት የተረፈ ጎረቤት ያለው ሰው የአያቱን መኪና ፎቶግራፍ ከሳሎኑ ሲሰቅል ይህን ማወቅ አለበት። በእኔ አስተያየት አያትየው መኪናዋን የገዙት በላባቸው ነውና የሚያፍሩበት ነገር የለም። ጎረቤቱ ፊቱን ቢያዞር ግን ልጁ ምክንያቱን ሳይጠይቅ እንዲረዳው እፈልጋለሁ።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። የቆመች መኪና መጀመሪያ የምትነሣው በወረቀት ነው። ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይወጣል፤ ሊብሬው በወራሹ ስም ይዞራል፤ የቦሎዋ ጉዳይም መስተካከል አለበት። እዚህ ያለ ወራሽ ለሚያምነው ዘመድ ውክልና መስጠት ይችላል። ወንድማማቾች ካሉ ግን አስቀድመው ይስማሙ፤ ለመኪና ሲባል ቤተሰብ የተለያየበትን ቤት አይቻለሁ።

ቀጥሎ ሞተሩ ነው። ትዕግሥት የሌለው ሰው ባትሪ አምጥቶ ቁልፍ ያዞራል፤ እንዲህ የተደረገ እንደሆነ የደረቀ ሞተር ይቧጨራል። አሮጌው ቤንዚን ተደፍቶ ታንኳውና ካርቡራተሩ ይጸዱ። አራቱ ካንዴላዎች ተፈትተው በየቀዳዳው ጥቂት ዘይት ይፍሰስ፤ አንድ ቀን ካደረ በኋላ የቺንጋው መዘውር በመፍቻ ቀስ ተደርጎ በእጅ ይዙር። ከዞረ ተስፋ አለ። የሞተሩ ዘይት 2.5 ሊትር ያህል ብቻ ነው፤ ፊልትሮ የለውም፤ ያለው የሽቦ ወንፊት ስለሆነ ወጥቶ ይታጠብ። ቺንጋው ከተበጠሰ ማቀዝቀዣው ነፋስ ይቆማልና አዲስ ይግባ። የቤንዚን ጎማዎች ሁሉ ይለወጡ፤ የደረቀ ጎማ በጋለ ሞተር ላይ ቢያንጠባጥብ መኪናዋ ትቃጠላለች። ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ሥር ስለሚቀመጥ የዚያ አካባቢ ላሜራ በዝገት ይበላል፤ ምንጣፉ ተገልጦ ይታይ። ፍሬኗ ሳይፈተሽ ከግቢ አትውጣ።

ካንዴላ፥ ቺንጋ፥ ፊልትሮ የሚሉት ቃላት ከጣልያን የመጡ ናቸው። ወራሪው በ1941 እ.ኤ.አ. ተሸንፎ ቢወጣም ቃላቱ ከጋራዣችን አልወጡም።

ወጣቱ መኪናዋን ወደ ኔታንያ ማምጣት አስቦ ነበር። በእስራኤል ሕግ 30 ዓመት ያለፈው መኪና በሰብሳቢ መኪናነት ሊመዘገብ ይችላል፤ እርሷም በዕድሜዋ አታንስም። እኔ ግን እዚያው ትቅር ባይ ነኝ። ካርቡራተሯ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላለው ለአዲስ አበባ ስስ አየር የተስተካከለ ነው፤ እዚህ ባሕር ዳር ሲወርድ እንደገና መስተካከል ይኖርበታል፤ የባሕሩ ጨዋማ ነፋስም ለአሮጌ ላሜራ ጠላት ነው። ከዚህም በላይ ኢትዮጵያ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ስለከለከለች፥ እዚያ ያለችውን አውጥቶ የሸጠ ወይም የወሰደ በቀላሉ ሌላ አይተካም።

ልጁ ውክልናውን ለአጎቱ ልጅ ልኳል፤ ሞተሩም በእጅ ሲዞር መታዘዙን ነግሮኛል። የወላጆቻችሁ ሊብሬ፥ የመንጃ ፈቃድ ወይም ከመኪና ጋር የተነሡት ፎቶግራፍ በእጃችሁ ካለ፥ ግልባጩን ለማኅበሩ መዝገብ ብታደርሱን እንቀበላለን፤ የባለቤቱን ስም፥ የትውልድ መንደሩንና መኪናው የተገዛበትን ዓመት ከጀርባው ጻፉበት።